ብረት የማይገባበት ቤት፤ የአራት ኪሎው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪና ጠባዩ

በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ የኮምፓስ ቀስት እንደ ልቧ ብትለቀቅ፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከማዘንበሏ በስተቀር፣ ጫፏን ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ ታቀናለች። የአራት ኪሎ አደባባይና የቦረናዋ መካነ ሰላም በአንድ የኬንትሮስ መሥመር ላይ ይገኛሉ ለማለት ይቻላል። በመካከላቸው እንጦጦ፣ የሰላሌ ሜዳ፣ የጀማና የወለቃ ሸለቆዎች ተዘርግተው በአየር መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ያራርቋቸዋል። ከመካነ ሰላም ጥቂት አለፍ ሲባል ደግሞ ሳይንትና ከተማው አጅባር ይገኛሉ። በዚህ ደጋ የሚያስተምር መምህር ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ለተማሪዎቹ ሰሜንን ሲያሳይ፣ ያቺ ቀስት ከሰዓት ወደ ሰዓት፣ ከዓመት ወደ ዓመት የምታደርገውን ጥቃቅን መዋለል ሲመዘግብ የኖረ ቤት በአራት ኪሎ መኖሩን ዘወትር አያስታውስም። ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ነው።

ለዓይን የሚያምር ነገር የለበትም። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ስድስት ኪሎ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት በስጦታ አግኝቶ ደረጃውና አዳራሹ እስከ ዛሬ ጎብኚ ይስባል። አራት ኪሎ ግን የሥራ ግቢ ሆኖ ቀረ። በዚያ የሥራ ግቢ ውስጥ እንኳ ኦብዘርቫቶሪው ራሱን የደበቀ ነው። የመማሪያ ክፍል ብርሃንና ሰፊ መስኮት ሲፈልግ፣ እርሱ ጨለማንና ወፍራም ግድግዳን ይሻል። ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ሲበዛበት ሲደሰት፣ እርሱ ሰው ሲበዛበት ይታመማል። በአጭሩ ጠባየ ልዩ ቤት ነው፤ የጠባዩም ምክንያት እያንዳንዱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ሲሆኑ፣ እርሳቸውና የማኅበራቸው አባላት የካህን ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖት ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተስማሙ ነበሩ። ከነዚሁ መምህራን አንዱ የነበሩት ፒየር ጉዌን ኦብዘርቫቶሪውን መሠረቱ፤ ሃያ ዓመት ያህልም መሩት። አጋጣሚውን የፈጠረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 የዘለቀው ታላቅ የምርምር ዘመቻ ነው። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ሕዋ የመጠቀችው በዚሁ ወቅት መሆኑ ይታወሳል። ከስልሳ የሚበልጡ አገሮች በዘመቻው ሲሳተፉ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ ከሀብቷ ይልቅ ከአቀማመጧ የመነጨ ነበር።

ይህም እንዲህ ነው። የመሬት መግነጢስ እንደ ምድር ወገብ ያለ የራሱ ወገብ አለው። በዚህ መሥመር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንድትወዛወዝ ሆና የተንጠለጠለች የማግኔት ቀስት ወደ ሰማይም ወደ ምድርም ሳትቀና አግድም ትተኛለች። የመግነጢሱ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ የሚያልፍ ሲሆን አዲስ አበባ በጣም ትቀርበዋለች። በዚሁ መሥመር ሰማይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በቀን ብርሃን ጊዜ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ሲድኒ ቻፕማን የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ኤሌክትሮጄት የሚል ስም ሰጥተውታል። ስፋቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን በቦረናና በሳይንት ሰማይም ላይ ያልፋል። ኃይሉ የሚበረታው እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ከጧቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ጅረት ከምድር ሆኖ የሚታዘብ ጣቢያ በአፍሪካ በጣቶች የሚቆጠር ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የአራት ኪሎው ቤት ሥራውን ጀመረ።

የሚለካው ነገር ጥቂት መሆኑን ካልተረዱ የቤቱን ጠባይ መረዳት ያስቸግራል። በአዲስ አበባ የመሬት መግነጢስ ኃይል ናኖቴስላ በሚባለው መስፈሪያ 36 ሺህ ያህል ነው፤ ኤሌክትሮጄቱ በእኩለ ቀን የሚጨምርበት ከአንድ መቶ ብዙ አይርቅም። ከሦስት መቶ እጅ አንዷን እጅ ለይቶ ለማወቅ የሚደክም መሣሪያ አጠገብ ሚስማር፣ የበር ማጠፊያ፣ ወይም የብረት ዘንግ ያለበት ሲሚንቶ ቢኖር ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ ግንበኛውና አናጢው የለመዱትን ሁሉ ይተዋሉ። ሚስማሩ ነሐስ ወይም መዳብ ይሆናል፤ ድንጋዩና አሸዋው ሳይቀር በማግኔት እየተፈተነ ይመረጣል። ይህ የመጨረሻው በኢትዮጵያ ደጋ ቀላል አይደለም፤ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋያችን ራሱ በውስጡ ብረት ያዘለ ነውና። ወደ ውስጥ የሚገባ ተመልካችም ቁልፉን፣ ቢላዋውን፣ የቀበቶውን ዘለበት፣ የእጅ ሰዓቱን በደጅ ያስቀምጣል። ጫማ አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ መግባት ለለመደ አገር ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ እዚህ የሚወልቀው ብረት መሆኑ ነው።

ሥራውም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ክፍል ከቀጭን የኳርትዝ ክር ላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ ማግኔቶች፣ መስታወት እንደ ጉትቻ ተለጥፎባቸው፣ የብርሃን ነጥብ በሚዞር ሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጥላሉ። ሲሊንደሩ በቀን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲፈጽም ወረቀቱ ታጥቦ የዕለቱ መሥመር ይወጣል። ማግኔት ሙቀት ሲለዋወጥበት ጉልበቱ ስለሚለዋወጥ፣ የአዲስ አበባ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ወደዚህ ክፍል እንዳይዘልቁ መደረግ አለበት። በሁለተኛው ክፍል ሰው በእጁ እየለካ የመጀመሪያው ክፍል የሚናገረውን ያርማል። መሣሪያው ለውጥን ያሳያል እንጂ ትክክለኛውን መጠን አያውቅም፤ መጠኑን የሚያውቀው በየጊዜው ገብቶ የሚለካው ሠራተኛ ነው። የሠራተኛው ትዕግሥት የጎደለበት ሳምንት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሰንጠረዡ ላይ ይታያል።

ሰዓቱም ሌላ ጠባይ ነበረው። ዓለም ሁሉ መዝገቡን እንዲያስተያይ በግሪንዊች ሰዓት መጻፍ ግድ ነው። የአገሩ መንግሥታዊ ሰዓት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ሕዝቡ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። እንግዲህ ለኦብዘርቫቶሪው አዲስ ቀን የሚጀምረው የአገሩ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በሚለው ጊዜ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ከተማ ቢናወጥ፣ ነዋሪው ዛሬ ሌሊት የሚለውን መዝገቡ የትናንት ይለዋል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሲጨመርበት፣ በዚያ ቤት አንዲትን ደቂቃ በትክክል መሰየም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ አያስደንቅም።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የተገኘው ፍሬ ቶሎ ታየ። ጉዌን የዕለት መሥመሮቹን ሲመረምሩ፣ በአንዳንድ ቀናት እኩለ ቀን ገደማ መውጣት የሚገባው መሥመር ከሌሊቱ ደረጃ በታች ወርዶ አገኙት። መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ቀላሉ መልስ ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ኔቸር በተባለው የታወቀ መጽሔት አሳተሙት፤ በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ማዮ ጋር ሆነው ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚለውን ስም አቀረቡ። ማለትም የሰማዩ ጅረት አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። ዛሬ በዚህ መስክ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ ይህን ስም ይጠቀማል። የትምህርት ሚኒስቴርን መጽሐፍ ይዘው የሚያስተምሩ መምህራን ግን ስሙ ከአራት ኪሎ መውጣቱን ለተማሪዎቻቸው የሚነግሩበት ምዕራፍ የላቸውም፤ ይህም ያሳዝናል።

የቤቱ ሁለተኛ ጆሮ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ነው። ከማግኔቱ ብዙም ሳይቆይ ተተከለ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በብዙ አገሮች ያቋቋመው፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚጠቀመው የዓለም ጣቢያዎች መረብ አባል ሆነ። መረቡ ከመሬት በታች የሚፈነዳ የኑክሌር ቦምብ ሙከራን ለመለየት በሚደረግ ጥረት የታሰበ ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያ የሰጠው ጥቅም ከዚያ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። መሣሪያዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ሦስቱ ፈጣኑን፣ ሦስቱ ዝግተኛውን ንውጽውጽታ ይመዘግባሉ። የሚቆሙበት የድንጋይ መሠረት ከቤቱ ወለል ጋር እንዳይነካካ ሆኖ ይሠራል፤ አለዚያ የሚራመድ ሰው ሁሉ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይጻፋል። እንቅስቃሴውን በሺህ እጥፍ የሚያጎላ መሣሪያ ከባሕር ርቃ በምትገኘው አዲስ አበባ ሆኖ የውቅያኖስን ሞገድ ይሰማል። ሞገዱ የባሕሩን ወለል ሲመታ የሚፈጠረው ዝግተኛ መንቀጥቀጥ አህጉሩን አቋርጦ ስለሚደርስ፣ ጸጥ ባለ ሌሊት እንኳ መሥመሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይታይም።

ይህ ጆሮ ገና ለጋ ሳለ ነበር የወሎና የሸዋ ጠርዝ የፈተነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ካራ ቆሬና አካባቢው ለሳምንታት ተናወጠ። የማጀቴ ከተማ ፈጽሞ ፈረሰ፤ ካራ ቆሬም ብርቱ ጉዳት ደረሰበት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ተሰነጣጠቀ፤ ንቅናቄው በዋና ከተማዋም ተሰማ። ከካራ ቆሬ እስከ መካነ ሰላም በአየር ቢለካ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያው ትልቁ ጉድለት ይገለጣል። ከሩቅ የሚመጣን ጭላንጭል ለመስማት የተሠራ መሣሪያ፣ ብርቱ ንቅናቄ በቅርብ ሲነሣ የብርሃኑ ነጥብ ከወረቀቱ ውጭ ይወረወርበታል። ሰው ጩኸት ሲበዛበት ጆሮው እንደሚደነቁር ማለት ነው። የጎደለውን የሚሞላው ታዲያ የአገሬው ምስክርነት ነበር፤ የትኛው ግድግዳ ወደቀ፣ የትኛው ጎጆ ቆመ፣ ምንጩ የት ደፈረሰ፣ እንስራው ከመደቡ ተንከባለለ ወይስ ባለበት ቀረ፤ ይህ ሁሉ ተጠይቆ ተሰብስቦ አሥራ ሁለት ደረጃ ባለው የብርታት ሚዛን ይመዘናል።

በዚህ ሚዛን ውስጥ ለደጋው ነዋሪ የሚጠቅም ትልቅ ቁም ነገር አለ። በወሎና በመንዝ ደጋ ብርዱን ለመከላከል የሚሠራው፣ ድንጋይ በጭቃ ብቻ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ፣ ለዓይን የማይበገር ቢመስልም መሬት ሲናወጥ ከሁሉ ቀድሞ ይናዳል። በእንጨት ማገርና በልጥ የታሰረው ጎጆ ግን ይንገዳገዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይወድቅም። ሳይንትና ቦረና ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ራቅ ብለው በመገኘታቸው እንደ ኮምቦልቻና እንደ ካራ ቆሬ ለአደጋ የተጋለጡ አይደሉም። ሆኖም ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በሚሠራበት ጊዜ ግድግዳውን የሚያስረው ምን እንደሆነ መጠየቅ ለማንም አያስነቅፍም።

ጉዌን ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመለሱ። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የደረሰውን ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከሰው ትዝታ ለቀሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1842 አንኮበርን ያወደመው የመሬት መናድና በ1906 አዲስ አበባን ያስደነገጠው ንቅናቄ ከነዚሁ መካከል ናቸው። የ1953ቱ የካራ ቆሬ ታሪክ ሰፊ ስፍራ የተሰጠው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብለው በ1976 አገሪቱን በአደጋ መጠን የከፈለ ካርታ አሳትመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የግንባታ ደንብ የመንቀጥቀጥን አደጋ የሚያስገባ ሆነ፤ በ1995 የወጣው ደግሞ አገሪቱን ከ0 እስከ 4 በተቆጠሩ ቀጠናዎች ከፈላት። መሐንዲሱ ዛሬ ከሠንጠረዥ ላይ አንብቦ የሚያስገባት አንዲት ቁጥር በስተኋላዋ የማጀቴን ፍርስራሽና የአራት ኪሎን ጨለማ ክፍል ታዝላለች። ከጉዌን በኋላም ኦብዘርቫቶሪው በዶክተር ላይከ ማርያም አስፋውና በሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመርቶ ቀጠለ።

ግቢው ጸጥ ያለ ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ፣ በዚያው ግቢ መሬት እንዴት እንደምትናወጥ ይመረመር ነበር፤ ሁለቱም ስለ መሬት ነበር፣ ለመንግሥት ያስቸገረው ግን የመጀመሪያው ነው። የቤቱ የረጅም ጊዜ ባላጋራ ግን ሰልፍ ሳይሆን ከተማው ራሱ ሆነ። ቦታው ሲመረጥ መኪና ጥቂት፣ ፎቅ ጥቂት ነበር። በኋላ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው፣ የብረት አጥሩ፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩ፣ የፎቁ ምሰሶ እየተጠጋ መጣ። እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ ነው፤ ግን የሚለካውም ነገር ትንሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የተካሄደው የኮሪደር ልማት አካባቢውን ዳግም ቆፍሮ አድሶታል።

የመንቀጥቀጡ ጆሮ መፍትሔ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከከተማው ወጣ ብሎ በፉሪ ተራራ ዘመናዊ ዲጂታል ጣቢያ ተተክሎ የዓለም አቀፉ መረብ አካል ሆነ። የማግኔቱ ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። መዝገቡ ዋጋ የሚያገኘው ከርዝመቱ ነው። የመሬት መግነጢስ በየዓመቱ ቀስ እያለ ይለወጣልና፣ ስልሳ ዓመት በአንድ ቦታ የተጻፈ መሥመር በሦስት ቦታ ሃያ ሃያ ዓመት ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለቤቱ መቆየትም መሄድም ጉዳት አለው፤ ቢቆይ ከተማው መዝገቡን ያጎድፍበታል፣ ቢሄድ ክሩ ይበጠሳል። እስከ ዛሬ የተመረጠው መቆየት ነው። በፈረንሳይ የምርምር ተቋማት ትብብር መሣሪያዎቹ ዲጂታል ሆነው፣ ጣቢያው ኢንተርማግኔት የተባለው የዓለም ኦብዘርቫቶሪዎች ማኅበር ባልደረባ ሆኗል። በአዲግራት የተተከለ ሌላ መለኪያ ከአዲስ አበባው ጋር ተጣምሮ፣ የሁለቱን ልዩነት በማስላት የሰማዩን ጅረት ብቻውን ለይቶ ለማየት አስችሏል።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ለወራት ሲናወጥ፣ መጠኑ እስከ 6 የደረሰ ንቅናቄ ሲመዘገብ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲወጣ፣ የአዲስ አበባ ፎቅ ነዋሪ በሌሊት ወደ ደጅ ሲሮጥ፣ ማብራሪያ የተጠየቀው ከዚሁ የኦብዘርቫቶሪ ሥር የበቀለው ኢንስቲትዩት ነው። በዚያ ሰሞን ስለ አደጋው የተናገሩት ባለሙያዎች የተደገፉበት የታሪክ መዝገብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየዕለቱ ወረቀት ሲቀየር የተገኘ ነው።

በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የራሱ የሳይንስ ቤተ ሙከራ የሚኖረው አገር ሆኗል። ከኤሌክትሮጄቱ በታች ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ከትልቅ ከተማ ጫጫታ የራቀ ነው። ለማግኔት ጣቢያ የሚመኙት ሁሉ አለ፤ የድንጋዩ ብረት ብቻ በጥንቃቄ ሊፈተን ይገባዋል። አንድ ኦብዘርቫቶሪ ሲዛወር ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ይለካሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ተሰልቶ የአሮጌው መሥመር በአዲሱ ላይ እስኪቀጠል ድረስ የአሮጌው ቤት መሣሪያ አይነሣም፤ ቁልፍና ሰዓትም በደጅ መቀመጣቸው አይቀርም።